የቁማር ዕዳ ዕዳ ነው ወይ?

ባለፈው ክረምት ከላስ ቬጋስ አንድ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። የላከው አብሮ አደጌ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ጆተኒ የሚያሸንፈው አልነበረም። አሁን ላስ ቬጋስ ታክሲ ይነዳል። ድምፁ ሳቅም ፍርሃትም ነበረበት።

«ስማ እንጂ፣ አንተ ጋዜጠኛ ነህ፣ ታነባለህ። በቁማር ዕዳ ሰው ይታሰራል እንዴ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ ካዚኖ (ስሙ ይቆየን) 5,000 ዶላር በዱቤ ወሰደ። ወረቀት አቀረቡለት፣ ፈረመ። ገንዘቡ በአንድ ሌሊት ተበላ። ከሳምንታት በኋላ ካዚኖው ወረቀቱን ወደ ባንክ ላከው፤ ባንኩ ደግሞ «ሂሳቡ ባዶ ነው» ብሎ መለሰው። ቀጥሎ ደብዳቤ መጣ። የጻፈው ካዚኖው አይደለም፣ የዐቃቤ ሕግ ቢሮ ነው።

«ቁማር እኮ ነው!» አለኝ። «አገር ቤት በቁማር የተበላ ሰው ይሳቅበታል እንጂ ማን ይከሰዋል?»

ጥያቄው የዋህ ይመስላል። ሳጣራው ግን ከ1,500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ ዳኞችና ነገሥታት የተጨነቁበት ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። የሚገርመው ደግሞ ለአብዛኛው ዘመን የሕግ መልስ የጓደኛዬ መልስ ነበር፦ የቁማር ዕዳ ዕዳ አይደለም። ታዲያ መቼ ተገለበጠ? ማን ገለበጠው? የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ነው። (ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሮማ፦ «እኔ ጋ አትምጣ»

የሮማ ሰዎች ቁማር ይወዱ ነበር። ሕጋቸው ግን አይወደውም። ፕሬቶር የሚባለው ዳኛ ያወጣው አንድ ድንጋጌ አለ፤ ባነበብኩት ቁጥር ያስቀኛል። ቤቱን ለቁማር የከፈተ ሰው በተጫዋቾች ቢደበደብ፣ ወይም በዚያው ጊዜ ከቤቱ ዕቃ ቢሰረቅ፣ ክሱን አልቀበልም ይላል። በእኛ ቋንቋ ብናስቀምጠው «ቤትህን ቁማር ቤት ካደረግህ በኋላ እኔ ጋ አልቅሰህ አትምጣ» እንደማለት ነው።

ልብ በሉ፣ ሕጉ ፊቱን ያዞረው በቤቱ ባለቤት ላይ ነው። የጎኑን ጥቅም የሚሰበስበው እሱ ነውና።

ይህን አስተሳሰብ ጫፍ ያደረሰው ዩስቲንያኖስ ነው፤ ከእኛው አፄ ካሌብ ጋር መልእክተኛ የተላላከው የቁስጥንጥንያ ንጉሠ ነገሥት። በ529 ባወጣው ሕግ በቁማር የተበላ ሰው አይከፍልም። ከፍሎ እንደሆነም ይመለስለታል። እሱ ባይጠይቅ ወራሾቹ መጠየቅ ይችላሉ። ሌላው ክስ በ30 ዓመት ይርጋ ሲታገድ ለዚህኛው 50 ዓመት ተሰጠው። ወራሾቹም ዝም ካሉ የከተማው ሹማምንት ገንዘቡን አስመልሰው ለከተማዋ ሥራ እንዲያውሉት ታዘዘ።

ንጉሡ ጨዋታ ሁሉ ይጥፋ አላለም። ዝላይ፣ ጦር ውርወራና የመሳሰሉ የጉልበት ጨዋታዎችን ፈቅዷል፤ ሀብታም እንኳ ቢሆን ግን በአንድ ጨዋታ ከአንድ ወርቅ በላይ እንዳያሲዝ ከለከለ። የተሸነፈ ሰው ከባድ ጉዳት እንዳይደርስበት ነው ሐሳቡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ሕግ የጠላው ዕጣን አይደለም። እኛም ዕጣን አንጠላም። ዕቁብ ላይ ዕጣ ይወጣል፣ ሰው ሁሉ ልቡ ይመታል፣ ዳኛው ስም ያነባል። ግን ማንም አይበላም። የሚለየው ማን ቀድሞ ይወስዳል የሚለው ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ዕጣ የደረሰውም ገንዘቡን እስከ ሳንቲሟ ያገኛል። ለዚህ ነው ዕቁብ ወስዶ የጠፋ ሰው በሰፈሩ ቀና ብሎ የማይሄደው፤ ያ የምር ዕዳ ነው። ቁማር ላይ ግን የአንዱ ትርፍ የሌላው ኪሳራ ነው፤ ከሁለቱም ላይ የሚቆርጥ ሦስተኛ ወገን ደግሞ አለ። ቤቱ።

እንግሊዝ፦ ቁማርተኛው እንደሞተ ይቆጠር

ዘመናት አልፈው እንግሊዝ ውስጥ ያው ጉዳይ በሌላ መልክ ተነሣ። የመኳንንት ልጆች ለንደን ውስጥ ካርታና ዳይስ ሲጫወቱ ያድራሉ። ጥሬ ገንዘብ ሲያልቅባቸው ወረቀት ይጽፋሉ፤ ወረቀቱ ሲበዛ መሬት ያስይዛሉ። አባትና አያት ያቆዩት ርስት በአንድ ሌሊት ለማይታወቅ ሰው ይተላለፋል።

ፓርላማው መጀመሪያ በ1664 በዱቤ የሚደረገውን ቁማር ለመገደብ ሞከረ፦ በአንድ መቀመጫ ከ100 ፓውንድ በላይ በዱቤ የተበላ ሰው እንዲከፍል አይገደድም አለ። አልበቃም። በ1710፣ በንግሥት አን ዘመን፣ ጠንከር ያለው አዋጅ መጣ። አዋጁ ሦስት ነገር አደረገ።

አንደኛ፣ ለቁማር ዕዳ የተጻፈ ማንኛውም የዕዳ ሰነድ፣ የመያዣ ውልም ጭምር፣ ከመነሻው ፈራሽ ነው።

ሁለተኛ፣ በአንድ መቀመጫ 10 ፓውንድና ከዚያ በላይ ተበልቶ የከፈለ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ከስሶ ማስመለስ ይችላል። እሱ ካልከሰሰ ማንም መንገደኛ መክሰስ ይችላል፤ የተበላውን ገንዘብ ሦስት እጥፍ ያስከፍልና ግማሹን ለራሱ ይወስዳል፣ ግማሹ ለአጥቢያው ድሆች ይሰጣል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይደንቃል። ለቁማር ዕዳ መሬት ተላልፎ እንደሆነ መሬቱ ለበላተኛው አይደርስም። ባለ መሬቱ የሞተ ያህል ተቆጥሮ ለወራሹ ያልፋል። አስቡት እንግዲህ! ሰውዬው በሕይወት አለ፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ስለዚያ መሬት ግን ሕጉ ቀብሮታል። የሕጉ ዓይን ያለው ቁማርተኛው ላይ ሳይሆን ቤት ተቀምጠው በሚጠብቁት ልጆቹ ላይ ነበር።

በ1845 ሌላ አዋጅ ወጣና ነገሩን ጠቅልሎ ዘጋው፦ የቁማርና የውርርድ ውል ሁሉ ፈራሽ ነው፣ ፍርድ ቤት አያየውም። የበላም አይከስም፣ የተበላም አይከሰስም። የፈረንሳይ የ1804 የፍትሐ ብሔር ሕግም ከዚያ ቀደም ተመሳሳይ መስመር ይዞ ነበር፦ ሕግ ለቁማር ዕዳ የክስ መብት አይሰጥም፤ ወዶ የከፈለ ግን፣ ካልተጭበረበረ በቀር፣ መልሱልኝ አይልም። ሩጫና የፈረስ እሽቅድድምን የመሳሰሉትን ለይቶ አስቀርቷል።

የቁማር ዕዳ «የክብር ዕዳ» የተባለውም በዚህ ምክንያት ነው። ዳኛ የማያስከፍልህን ዕዳ የሚያስከፍልህ ክብርህ ብቻ ነው። (ወይም ክብርህን የሚያስታውሱ ሁለት ጡንቸኛ ሰዎች።)

ኔቫዳ፦ ቁማሩ ሕጋዊ፣ ዕዳው ሕገ ወጥ

አሜሪካኖች ነጻ ሲወጡ የእንግሊዝን ንጉሥ ትተው ሕጉን ይዘው ቀሩ። የንግሥት አን አዋጅም አብሮ ውቅያኖስ ተሻገረ። ታሪኩ የሚጣፍጠው ኔቫዳ ሲደርስ ነው።

ኔቫዳ በ1869 ቁማርን ፈቀደች። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1872፣ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት ጥያቄው ቀረበ፦ ጨዋታው ሕጋዊ ከሆነ ዕዳውስ ሕጋዊ አይደለም ወይ? ዳኞቹ አይደለም አሉ። ቁማር መጫወት ወንጀል አለመሆኑ አንድ ነገር ነው፣ ፍርድ ቤት ዕዳ ሰብሳቢ መሆኑ ሌላ ነገር ነው። የንግሥት አን አዋጅ ይሠራል።

ቁማሩ ራሱ በ1910 ታገደ። ከዚያ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ፣ ማዕድኑም ተዳከመ፤ በመጋቢት 1931 ገዥው ፍሬድ ባልዛር ፈርመው ቁማር ተመለሰ። ዛሬ የምናውቃት ላስ ቬጋስ የተገነባችው ከዚያ ወዲህ ነው። ፎቁ ወጣ፣ መብራቱ በራ፣ ዘፋኙ መጣ። ዕዳውን በተመለከተ ግን ሕጉ ንቅንቅ አላለም። በ1950 እንኳ አንድ ካዚኖ፣ ሟች ደንበኛው የጻፋቸው ቼኮች ከውርስ ንብረቱ እንዲከፈሉት ሲጠይቅ፣ ፍርድ ቤቱ ያንኑ ከ240 ዓመት በፊት የወጣ አዋጅ ጠቅሶ አሰናበተው።

ስለዚህ ከ1931 እስከ 1983 ድረስ፣ 52 ዓመት ሙሉ፣ በዓለም የታወቀችው የቁማር ከተማ የቁማር ዕዳን በፍርድ ቤት ማስከፈል አትችልም ነበር። ጓደኛዬ በ1975 ፈርሞ ቢሆን ኖሮ ሳቁ ብቻ በቂ ነበር።

1983፦ የተገለበጠበት ዓመት

ለምን ተገለበጠ? ሦስት ምክንያት ይታየኛል።

የመጀመሪያው ፉክክር ነው። በ1978 አትላንቲክ ሲቲ ውስጥ የመጀመሪያው ካዚኖ ተከፈተ፤ የኒው ጀርሲ ሕግ ደግሞ ደንቡን ጠብቆ የተሰጠ ዱቤን ያስከፍላል። የኔቫዳ ቤቶች ቀኑባቸው።

ሁለተኛው የደንበኛው ጠባይ ነው። ትልልቆቹ ተጫዋቾች ከሌላ ግዛትና ከባሕር ማዶ የሚመጡ ናቸው። ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ «የራስህ አገር ሕግ እንኳ ዕዳ አይለውም» ብለው ጀርባ ይሰጣሉ።

ሦስተኛው ግብር ነው። በ1982 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ካዚኖዎች ያልተሰበሰበ ዱቤያቸውን እንደ ገቢ ቆጥረው ግብር እንዲከፍሉበት ወሰነ፤ በሕግ ማስከፈል ባይችሉም እንኳ። ማለትም ከስሰው የማያገኙት ገንዘብ ላይ ግብር ሊከፍሉ ሆነ። ይህ የትኛውንም ነጋዴ ያስጮኻል።

በ1983 የኔቫዳ ምክር ቤት ሕጉን ቀየረ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ የፈረመው የዱቤ ሰነድ፣ «ማርከር» የሚሉት፣ በፍርድ ቤት የሚያስከፍል ሆነ። እስቲ ማርከር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ብድር ይባላል፤ ወረቀቱ ግን የባንክህ ስም አለበት፣ የሂሳብ ቁጥርህ አለበት፣ «ለዚህ ቤት ይህን ያህል ክፈሉ» የሚል ትእዛዝ አለበት፣ ፊርማህ አለበት። ይህ ነገር ሌላ ስም አለው። ቼክ።

የጓደኛዬ ጉድ ያለው እዚህ ላይ ነው። መርካቶ የነገደ ሰው ሁሉ «ደረቅ ቼክ» ምን እንደሆነ ያውቃል። ስንቅ የሌለው ቼክ መጻፍ በእኛም የወንጀል ሕግ ያስቀጣል፤ ስንት ነጋዴ በዚህ ታስሯል! ኔቫዳም ተመሳሳይ ሕግ አላት። በ2000 «ማርከር የብድር ውል እንጂ ቼክ አይደለም» የሚል ክርክር ለጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ቀርቦ ነበር። ፍርድ ቤቱ ቼክ ነው አለ። ስለዚህ ማርከር ፈርሞ ባንኩ ባዶ የሆነ ሰው የሚጠየቀው በዕዳ ሳይሆን በደረቅ ቼክ ነው። ዛሬ 1,200 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ወንጀል ተብሎ እስራት ያስከትላል።

በርግጥ ወንጀል ለመባል የማጭበርበር ሐሳብ መኖር አለበት። ግን ማስጠንቀቂያ ደርሶት በአጭር ጊዜ ውስጥ ያልከፈለ ሰው አጭበርባሪ እንደሆነ ሕጉ አስቀድሞ ይገምታል፤ ግምቱን ማፍረስ የተከሳሹ ሥራ ይሆናል።

ከኦማሃ ከተማ የመጣ አንድ ሀብታም ነጋዴ በ2007 ላስ ቬጋስ ውስጥ ወደ 127 ሚሊዮን ዶላር እንደተበላ በጊዜው ተዘግቦ ነበር። አብዛኛውን ከፈለ። ያልተከፈለ 14.7 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ማርከር ቀረ። በ2009 የወንጀል ክስ ቀረበበት። በ2010 ከካዚኖው ጋር ተስማምቶ ክሱ ተቋረጠ። ያን ሁሉ ሚሊዮን ያስበላ ሰው እንኳ በዐቃቤ ሕግ ፊት ከመቆም አልዳነም፤ የታክሲ ሾፌርማ ምን ያህል ይከበዳል?

«ሱስ ይዞኝ ነው» ቢባልስ?

ብዙዎች የሚጠይቁት ሌላ ጥያቄ ይህ ነው። ቤቱ ሱሰኛ መሆኔን እያወቀ ካበደረኝ፣ አይጠየቅም ወይ? በኔቫዳ ሕግ መልሱ በግልጽ ተጽፏል፦ ደንበኛው የቁማር ሱስ ሕመም አለብኝ ማለቱ ዕዳውን ላለመክፈል መከላከያ አይሆንም፣ የመልስ ክስ ማቅረቢያም አይሆንም።

ወደ ዩስቲንያኖስ እንመለስና እናነጻጽር። ያኔ ሕጉ ለደከመው ሰው ብቻ ሳይሆን ለልጅ ልጁ 50 ዓመት ያስብ ነበር። ዛሬ ደካማ ነኝ ማለት መከራከሪያ እንዳይሆን በአንቀጽ ተከለከለ። ሰው አልተለወጠም፤ ሕጉ የቆመበት ወገን ነው የተለወጠው።

ባሸንፍና ባይከፍሉኝስ?

«እሺ፣ ዕዳው የምር ዕዳ ሆነ። እንግዲያው እኔ ስበላቸው የእኔም ገንዘብ የምር ገንዘብ ይሆናል» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ እንደየአገሩ ይለያያል።

እንግሊዝ በ2005 ባወጣችው ሕግ፣ ከመስከረም 2007 ጀምሮ፣ የቁማር ውልን እንደ ማንኛውም ውል አደረገችው፤ ለሁለቱም ወገን። በ2018 በስልኩ ተጫውቶ 1.7 ሚሊዮን ፓውንድ የበላ ሰው ድርጅቱ «ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ ነው» ብሎ ሲከለክለው ከሰሰ፤ በ2021 ፍርድ ቤቱ ፈረደለት። ሕጉ ተገለበጠ፣ ግን እኩል ተገለበጠ።

ኔቫዳ ውስጥ ግን ቤቱ ማርከሩን ይዞ በቀጥታ ፍርድ ቤት ይሄዳል። አልተከፈለኝም የሚል ተጫዋች ግን መጀመሪያ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ አይችልም። ወደ ቁማር ቁጥጥር ቦርድ ያመለክታል። ቦርዱ መርማሪ ይልካል፣ ይወስናል፤ በውሳኔው ያልተስማማ ያስከልሳል፣ ፍርድ ቤት የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን መብት ብዙ ሰው አያውቀውምና ልጻፈው፦ ክርክሩ 500 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ካዚኖው ራሱ ለቦርዱ ወዲያው የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ ቦርዱን የመጥራት መብት እንዳላችሁ ሊነግራችሁ ይገባል። አልከፍልም ሲሏችሁ ተቆጥታችሁ አትውጡ። ማሽኑን ሳትለቁ ቦርዱ ይጠራልኝ በሉ።

ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ደቃቅ ጽሑፍም አንብቡ። «ብልሽት ካለ ጨዋታውም ክፍያውም ይሰረዛል» ይላል። አይዋ በምትባለው ግዛት አንዲት አዛውንት የተጫወቱበት ማሽን 41.8 ሚሊዮን ዶላር አሸነፉ ብሎ አሳያቸው። ቤቱ ብልሽት ነው አለ። ጉዳዩ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2015 ለካዚኖው ተፈረደ። እናታችን የደረሳቸው 1 ዶላር ከ85 ሳንቲም ነው።

ዕድሜም ሌላው ጣጣ ነው። ኔቫዳ ውስጥ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው መጫወት አይችልም፤ ቢጫወትና ቢያሸንፍ አይከፈለውም። በ1987 አንድ የ19 ዓመት ወጣት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ በማሽን አሸንፎ ባዶ እጁን ተመልሷል፤ ፍርድ ቤት ቢሄድም አልቀናውም። እስኪያሸንፍ ድረስ የከለከለው የለም። አዋቂ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለመዝናናት የምትሄዱ ወላጆች ይህን አስቡበት።

ካርታ በቃል መቁጠርስ? በራስህ ጭንቅላት ብቻ ከሆነ ወንጀል አይደለም፤ በመሣሪያ መታገዝ ግን ኔቫዳ ውስጥ ወንጀል ነው። ሆኖም የኔቫዳ ቤቶች ቆጣሪን ያባርራሉ። በኒው ጀርሲ ኬን ኡስተን የተባለ የታወቀ ቆጣሪ ከስሶ በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካዚኖው በራሱ ሥልጣን ሊያባርረው አይችልም ብሎለታል። ልዩነቱን አያችሁት? ቤቱ ሁልጊዜ እንዲያሸንፍ ተደርጎ በተሠራ ጨዋታ ላይ ያሸነፈ ሰው፣ ለመጫወት እንኳ ፍርድ ቤት መሄድ አስፈለገው።

ለእኛ ሰው የሚብሰው

ላስ ቬጋስ ብዙ ሺህ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ከተማ ናት። በ2023 አንድ አካባቢ «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ በካውንቲው ተሰይሟል። ታክሲ የሚነዳው፣ መኪና የሚያቆመው፣ ክፍል የሚያጸዳው፣ ካርታ የሚያድለው ሳይቀር የእኛ ሰው ነው። ካዚኖው ለእነሱ የእረፍት ቦታ አይደለም፣ የሥራ ቦታቸው ወይም የሥራቸው ጎረቤት ነው። ከሌሊት ሥራ ሲወጣ የሚያገኘው በሩ የማይዘጋ ቤት እሱ ብቻ ነው።

ከእነዚህ ብዙዎቹ ገና ዜግነት አላገኙም። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። በሕጋዊ ካዚኖ መጫወት ብቻውን ዜግነት አያስከለክልም። ዋና ገቢው ከሕገ ወጥ ቁማር የሆነ፣ ወይም በቁማር ወንጀል ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የተፈረደበት ሰው ግን፣ በሚመረመርበት ዘመን ውስጥ ከሆነ፣ «መልካም ጠባይ» የሚባለውን መስፈርት አያሟላም። ከዚህ የሚከፋው ያ ደረቅ ቼክ ነው። የማጭበርበር ሐሳብ ያለበት ወንጀል በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በአብዛኛው የሞራል ዝቅጠት ካለባቸው ወንጀሎች ይመደባል፤ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው እስከ መባረር ሊያደርሰው ይችላል። ዜጋ የሆነ ሰው ማርከር አልከፍል ቢል ገንዘቡንና ነጻነቱን ያሲዛል። ዜጋ ያልሆነው ግን አገሩን አሲዞ ነው የሚጫወተው፣ ያውም ሳያውቀው።

ለጓደኛዬ የነገርኩትም ይህንኑ ነው፦ «ደብዳቤውን ችላ አትበል፤ ለእኔም አትደውል፣ ጠበቃ ጋ ሂድ። ከወንጀሉም ከኢሚግሬሽኑም የሚያውቅ ይሁን።» ክስ ከመመሥረቱ በፊት በየወሩ እየከፈለ ሊጨርስ ተስማማ። አሁን በሳምንት ሁለት ሌሊት ጨምሮ ይነዳል። ዕዳውን የሚከፍለው የዚያኑ ቤት ደንበኞች እያመላለሰ ነው።

አገር ቤትስ?

የእኛ መንግሥት ቁማርን በሎተሪ በር ነው ያስገባው። ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ትኬት አዟሪው የከተሞቻችን አንድ ቀለም ሆነ። ቅርብ ጊዜ ደግሞ ቤቲንግ መጣ። በየሰፈሩ ጠባብ ቤት፣ ግድግዳው ላይ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ፣ በሩ ላይ «ከ21 ዓመት በታች አይገባም»፣ ውስጡ የ17 ዓመት ልጅ።

እዚያ ቤት ዱቤ የለም፣ እጅ በእጅ ነው። ስለዚህ የማርከር ጣጣ አያገኘንም ብለን እንጽናና ይሆናል። እኔ ግን ስልኬን አያለሁ። ቤቲንጉም ስልኩ ላይ ነው፤ ገንዘቡም ስልኩ ላይ ነው፤ ብድሩም ስልኩ ላይ ነው። ቤቱ አያበድርህም፣ ስልክህ ግን ያበድርሃል። በአንድ ጣት ተበድረህ በሌላው ጣት ታስይዛለህ። ስትበላ የቀረብህ ዕዳ የቁማር ዕዳ አይባልም፤ ተራ የብድር ዕዳ ነው፣ ወለድ ያለው። የሮማው ዳኛም የንግሥት አን ፓርላማም ሊያዩት የማይችሉት ብልሃት ይህ ነው፤ ማርከሩ ስሙን ቀይሮ ኪሳችን ገብቷል።

ቁማር ይከልከል የሚል ስብከት የለኝም። የተከለከለባቸው ዘመናት ሁሉ በጓዳ ተጫውቷል። እኔ የምለው ሌላ ነው። የድሮዎቹ ሕግ አውጪዎች ጨካኞችም ኋላ ቀሮችም ቢሆኑ አንዲት ጥያቄ አልረሱም ነበር፦ ይህ ሰው ሲበላ ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ማነው? ያቺን ጥያቄ የሚጠይቅ አንቀጽ የእኛ ሕግ ውስጥ መግባት አለበት፦ ዕድሜን በር ላይ ከመለጠፍ አልፎ በመታወቂያ ማጣራት፤ ብድርና ቤቲንግ በአንድ ስልክ ጎን ለጎን እንዳይቀመጡ ማድረግ፤ ቤተሰብ «ይህን ሰው አታጫውቱብን» ብሎ የሚያመለክትበት ቦታ መክፈት።

እስከዚያው ግን ለጓደኛዬ የመለስኩለትን ለእናንተም ልድገመው። የቁማር ዕዳ ዕዳ ነው ወይ? ለ1,400 ዓመት ያህል አልነበረም። ከ1983 ወዲህ፣ በከተማህ፣ በፊርማህ፣ ነው። ወረቀቱን ሲያቀርቡልህ ከላይ የባንክህን ስም ካየህ ብዕሩን መልስላቸው።